ኮሶ (ሄጦ)፦ መድኃኒትነቱ፣ መርዝነቱ እና የዛፉ መመናመን

ለገለምሶና አካባቢዋ ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ የሚከተሉትን ማድረግ ትችላላችሁ።
1. ሴቴና ወንዴ ኮሶን ለይታችሁ ማሳየት፤
2. በኮሶ አበባ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች በትሉ ላይም በሰው ላይም ምን እንደሚያደርጉ ለጎረቤት ማስረዳት፤
3. የኮሶ ትል በምታደልቡት ሰንጋ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ማወቅና መከላከል፤
4. የዛፉን ዘር ሰብስቦ፣ ችግኝ አፍልቶ፣ ተክሎ ማሳደግ።

መግቢያ

ውድ አርሶ አደሮች፣ ፊቱን ያጠቆረ ሰው ስናይ «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» እንላለን። አባባሉ የቆየው መጠጡ የብዙ ቤት የዘወትር ልማድ ስለነበረ ነው። በደጋው የሀገራችን ክፍል ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር። በሽታውንም መድኃኒቱንም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን፤ ትሉ «የኮሶ ትል» ነው፣ ዛፉም «ኮሶ» ነው። በኦሮምኛ ዛፉ ሄጦ ይባላል።

ዛሬ ግን ልጆቻችሁን «ኮሶ የትኛው ነው?» ብትሏቸው ስንቶቹ ያሳዩአችኋል? ስሙ በአባባል ውስጥ ቀርቷል፣ ዛፉ ግን ከማሳ ወሰን እየጠፋ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሥራ ምክንያት ወደ አንድ ደጋ ቀበሌ ወጥቼ ነበር። አንድ አባት ከቤታቸው ጀርባ ያለ አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ አሳዩኝ። ቅርንጫፎቹ ለአበባው ሲባል በየዓመቱ እየተገነጠሉ ግማሹ ደርቋል። «ሌላ ነበረኝ፤ ወንዴ ስለሆነ መድኃኒት አይሆንም ብዬ ቆርጬ በር አሠራሁበት» አሉኝ። ቀጥለውም «ከዚያ ወዲህ ከዚህኛው ሥር ችግኝ አይበቅልም፣ መሬቱ ደክሞ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ። መሬቱ አልደከመም ነበር። ምክንያቱን በሚቀጥለው ክፍል ታገኙታላችሁ።

ክፍል አንድ፦ ዛፉን ማወቅ

ኮሶ የጽጌረዳ ቤተሰብ የሆነ የሀገር በቀል ዛፍ ነው። እስከ 20 ሜትር ሊያድግ ይችላል። ግንዱ ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን ቅርፊቱ እየተላጠ ይወድቃል። በብዛት የሚገኘው ከ2300 እስከ 3200 ሜትር ከፍታ ባለው መሬት ላይ ነው። ገለምሶ ከተማ ወይና ደጋ ስለሆነች የኮሶ ቦታ አይደለችም። ቦታው ወደ ላይ፣ ገብስና ባቄላ የሚያበቅለው የጨርጨር ተራሮች ደጋ ነው። ለወይና ደጋ አርሶ አደሮች የሚስማማውን ሌላ ዛፍ በመጨረሻ እናነሳለን።

ከሁሉም በላይ ልታውቁት የሚገባው ነገር ኮሶ እንደ ፓፓያ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ መሆኑ ነው።

– ሴቴው፦ የተንጠለጠለው የአበባ ዘለላ ወደ ቀይ ያደላል። «ቀይ ኮሶ» የሚባለውና በልማድ ለመድኃኒት የሚመረጠው ይህ ነው። ዘር የሚሰጠውም እሱ ብቻ ነው።
– ወንዴው፦ ዘለላው ነጣ ያለ ወይም ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ሲሆን የሚሰጠው ብናኝ (ዱቄት) ነው።

የወንዴው ብናኝ በነፋስ ተወስዶ ሴቴዋ አበባ ላይ ካላረፈ ሴቴዋ ፍሬ አትይዝም። እንግዲህ እኚያ አባት ወንዴውን «አይጠቅምም» ብለው ሲቆርጡ የሴቴዋንም የዘር ተስፋ አብረው ቆረጡ ማለት ነው። ዘለላው ሞልቶ ቀልቶ ይታያል፣ ውስጡ ግን ፍሬ የለም።

ክፍል ሁለት፦ በአበባው ውስጥ ምን አለ?

ተክሎች ነፍሳትና እንስሳት እንዳይበሏቸው የሚከላከሉባቸው ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች በውስጣቸው አሉ። የቡናን ካፌይን፣ የጫትን አነቃቂ ንጥረ ነገር ታውቃላችሁ። በኮሶ አበባ ውስጥም ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ኮሲኖች። ፍሎሮግሉሲኖል የሚባለው የኬሚካል ወገን ናቸው። አልፋ ኮሲን፣ ቤታ ኮሲን፣ ፕሮቶኮሲን እና ኮሶቶክሲን የሚባሉት ከዚህ ይመደባሉ። ከእነዚህ መካከል ዋነኛ ትል አጥቂ ሆኖ የሚጠቀሰው ኮሶቶክሲን ነው። «ቶክሲን» የሚለው ቃል መርዝ ማለት እንደሆነ ልብ በሉ።

ታኒን። ቆዳ ለማልፋት ከሚያገለግሉ ቅርፊቶች የምናውቀው፣ አፍን የሚያኮማትር ነገር ነው።

ሙጫና በኖ የሚጠፋ ዘይት። ለጣዕሙና ለሽታው ድርሻ አላቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የኮሶ ትል በራሱ ላይ ባሉት መምጠጫዎች የአንጀትን ግድግዳ ይዞ ይኖራል። ኮሲኖቹ የትሉን ጡንቻ ያሽመደምዱታል። ትሉ የያዘውን ይለቅቃል፣ ሆድ ሲያስቀምጥም ተገፍቶ ይወጣል።

ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሰውነቱ ነው። ጭንቅላቱ ከቀረ እንደገና ያድጋል፤ ትሉ ሙሉ ሆኖ ክፍልፋዩ በዓይን እስኪታይ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ መጠጣታቸው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ይህ አስተውሎታቸውን ያሳያል። በሌላ በኩል ግን መድኃኒቱ ትሉን ከሥሩ ነቅሎ እንደማያጠፋው፣ ሰውም ጥሬ ሥጋ እየበላ እንደገና ይይዘው እንደነበር ያሳያል።

የኮሶ ዝና ከሀገር ውጭም ደርሷል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ዛፉንና አጠቃቀሙን ገልጾታል። በ19ኛው መቶ ዓመት የደረቀው አበባ ወደ አውሮፓ ይላክ ነበር፤ በሐኪሞች የመድኃኒት መዝገብ ውስጥም ገብቶ ነበር። ከዚያ የተሻለና አደጋው የቀነሰ መድኃኒት ሲገኝ ተተወ።

ክፍል ሦስት፦ ጥቅሙና ጉዳቱ

ኮሶ ትል ያስወጣል፤ ይህ እውነት ነው። ይሁንና ትሉን የሚያሽመደምደው ነገር የሰውንም አካል ይነካል። መጠኑ ሲበዛ የሚታዩት ምልክቶች፦

– ብርቱ ማስመለስና የሆድ ቁርጠት፤
– ራስ ምታትና የሰውነት መዛል፤
– የዓይን ነርቭ ጉዳት። በሀገራችን ሐኪሞች ኮሶ ጠጥተው ዓይናቸው የደከመ፣ እስከ መታወርም የደረሱ ሰዎችን መዝግበዋል፤
– በነፍሰ ጡር ላይ ማስወረድ።

«አባቶቻችን ሲጠጡ ኖሩ፣ ምን ሆኑ?» የሚል ጥያቄ በየሥልጠናው ይነሳል። መልሱ ያለው በመጠኑ ላይ ነው። የኮሶ መለኪያ እፍኝ ነው። የእኔና የእናንተ እፍኝ አንድ አይደለም። ከዚህም በላይ በአንድ እፍኝ አበባ ውስጥ ያለው የኮሲን መጠን የተለያየ ነው። ዘንድሮ የተለቀመው ብርቱ ነው፤ ተቀምጦ የከረመው ኃይሉ ይቀንሳል። ከአንዱ ዛፍ ሌላው ይለያል፣ ሴቴና ወንዴ ሲቀላቀልም ይለያል። አምና ከገበያ የተገዛ አሮጌ ኮሶ ጠጥቶ ምንም ያልሆነ ሰው ዘንድሮ በዚያው እፍኝ ትኩሱን ቢጠጣ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ይህን ያህል ጠጡ» የሚል ነገር አታገኙም።

ዛሬ የተሻለ መንገድ አለ። ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የሚባሉ እንክብሎች አሉ፤ መጠናቸው የታወቀ ነው፣ ትሉንም ከነጭንቅላቱ ያጠፋሉ። በሰገራ ወይም በልብስ ላይ ነጭ ጠፍጣፋ የትል ክፍልፋይ ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከመርካቶም ሆነ ከሰፈር ሱቅ መድኃኒት ገዝቶ በግምት አይዋጥ።

ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለአረጋዊ፣ የዓይን ወይም የጉበት ችግር ላለበት ሰው ኮሶ ከቶ አይሰጥ። ኮሶ ጠጥቶ ዓይኑ የደበዘዘበት ወይም ማስመለሱ ያላቆመ ሰው ካለ «ያልፍለታል» ሳትሉ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም አድርሱት፤ የጠጣውንም ሳትደብቁ ተናገሩ።

ኮሶ ለወባና ለሌሎች በሽታዎች ይሆናል የሚባለውም አለ። በቤተ ሙከራና በአይጥ ላይ የተገኘ ውጤት በሰው ላይ እስኪፈተን ድረስ መድኃኒት አይባልም። ወባ የጠረጠረ ሰው ደሙን ይመርመር።

ክፍል አራት፦ ትሉ በሰንጋችሁ ውስጥ

አሁን ወደ ኪሳችሁ እንምጣ። የሐረርጌ ሰንጋ በመላ ሀገሪቱ የታወቀ ነው። አንድ በሬ አስራችሁ በአገዳ፣ በገራባና በቅጠል ወራት ሙሉ ስትቀልቡ ከርማችሁ፣ በመጨረሻ ቄራ ላይ ሥጋው ውስጥ የኮሶ ትል ከረጢት ቢገኝስ?

ዑደቱ ይህን ይመስላል።

አንደኛ፣ በሰው አንጀት ውስጥ ያለው ትል ከ4 እስከ 10 ሜትር ይረዝማል። ክፍልፋዩ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ በአንዱ ክፍልፋይ ውስጥ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል አለ።

ሁለተኛ፣ ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ በሣርና በአገዳ ላይ ይቀራል። እርጥበት ካገኘ ለወራት ሳይሞት ይቆያል።

ሦስተኛ፣ ከብቱ ይህን ይበላል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ሽል ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ጡንቻ ይገባና ትንሽ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። መንጋጋ፣ ምላስ፣ ልብና ወርች ላይ ይበዛል። የሥጋ መርማሪዎች እነዚህን ቦታዎች እየሰነጠቁ የሚያዩት ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ሰው ያንን ሥጋ ጥሬውን ወይም ለብ ለብ አድርጎ ሲበላ ከረጢቱ አንጀቱ ውስጥ ተከፍቶ አዲስ ትል ይሆናል።

በእኛ አካባቢ አንድ ነገር አስተውሉ። ማሽላው ከሰው ቁመት ሲያልፍ ብዙ ሰው ተሸሽጎ የሚጸዳዳው እዚያው ውስጥ ነው። ለሰንጋው አገዳ የምንቆርጠውስ ከየት ነው? ከዚያው ማሳ። በሬው ከግቢ ሳይወጣ በሽታው በእጃችን ተሸክመን እናመጣለታለን። ከረጢት የበዛበት ሥጋ ሙሉ በሙሉ ይወገዳል፤ ኪሳራው የአርቢው ወይም የነጋዴው ነው። ነጋዴውም ሁለተኛ ወደዚያ ቀበሌ አይመለስም።

መከላከያው ቀላል ነው፦

– እያንዳንዱ ቤት መጸዳጃ ይኑረው፣ ለቀን ሠራተኛና ለእረኛም ክፍት ይሁን፤
– ከማሳ ጠርዝ ሰው ከሚጸዳዳበት ቦታ መኖ አትቁረጡ፤
– ከብት የሚንከባከበው ሰው ትል ከታየበት አስቀድሞ ይታከም፤
– ሥጋ ውስጡ ቅላቱን እስኪያጣ ይብሰል፤ በምርመራ ያላለፈ ሥጋ ጥሬውን አይበላ።

ብዙ ሰው ለበሬው ራሱ ኮሶ ያጠጣል። ኮሶ የሚያጠቃው አንጀት ውስጥ ያለን ትል ነው፤ ጡንቻ ውስጥ የተቀበረውን ከረጢት አይደርስበትም። ስለዚህ ይህ ልማድ ከብቱን ከማስጨነቅ ያለፈ ለዚህ ችግር አይረዳም። የከብት ትል ሲጠረጠር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ክፍል አምስት፦ ዛፉ ለምን ተመናመነ?

«መድኃኒቱ አደገኛ ከሆነና የተሻለ እንክብል ካለ ዛፉ ቢጠፋ ምን ቸገረን?» የሚል ሰው ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አሁን የምንጠቀምባቸው ብዙ መድኃኒቶች ከዕፅዋት ተወስደው ወይም ከእነሱ ተምረን የተሠሩ ናቸው። ኮሲኖችን አጣርቶ፣ ጉዳታቸውን ቀንሶ መጠቀም ይቻል እንደሆነ የሚጠና ገና ብዙ ነገር አለ። ዛፉ ከጠፋ ጥናቱም ይቆማል። ሌላውን ጥቅሙንም አትርሱ፤ ለንብ ቀሰም ነው፣ ቅጠሉ ወድቆ አፈር ያለማል፣ በተዳፋት መሬት ላይ ሥሩ አፈር ይይዛል።

የመመናመኑ ምክንያቶች እነዚህ ናቸው።

1. እንጨቱ ቀይ፣ ለቤት ዕቃና ለወለል ተፈላጊ ነው።
2. ደጋው ለእርሻና ለጫት እየተመነጠረ ነው።
3. ችግኙ በልቅ ግጦሽ ይበላል፣ ይረገጣል።
4. አበባው ሲለቀም ቅርንጫፉ አብሮ ይገነጠላል።
5. ወንዴው «አይጠቅምም» ተብሎ ይቆረጣል።

መንግሥት በ1986 ዓ.ም. ባወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከሐበሻ ጥድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት አራት የሀገር በቀል ዛፎች አንዱ ነበር። አዋጁ በኋላ በሌሎች አዋጆች ተተክቷል፤ የዛፉ ችግር ግን አልተቃለለም። ሕግ መቁረጥን ይከለክላል እንጂ አይተክልም፤ የሚተክለው አርሶ አደሩ ነው።

ሌላም ሕግ እወቁ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የሀገራችንን የዘር ሀብትና የማኅበረሰቡን ዕውቀት ለምርምር ወይም ለንግድ የሚወስድ አካል ፈቃድ እንዲይዝና ጥቅሙን እንዲያካፍል ያዛል። ጉዳዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። አንድ እንግዳ መጥቶ የኮሶ አበባ በኩንታል ልግዛ ወይም አሠራሩን ንገሩኝ ቢላችሁ መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ለቀበሌውና ለልማት ሠራተኛው አሳውቁ።

ክፍል ስድስት፦ ዘር መሰብሰብና መትከል

ዘር መሰብሰብ። በአቅራቢያው ወንዴ ካለበት ሴቴ ዛፍ፣ ዘለላው ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ለቅሙ። በመቀስ ወይም ረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ማጭድ ዘለላውን ብቻ ቁረጡ፤ ቅርንጫፉን አትንኩ። ከአንድ ዛፍ ከሲሶው በላይ አትውሰዱ። በተቻለ መጠን ከብዙ ዛፍ ሰብስቡ። በጥላ አድርቃችሁ በእጅ አሹትና አበጥሩት። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ነፋስ ባለበት ቦታ አታበጥሩ።

ማፍላት። ዘሩ ሲከርም የመብቀል ኃይሉ ይወርዳልና በዚያው ዓመት ተጠቀሙበት። በጥር ወይም በየካቲት በመደብ ላይ ከአሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በትኑ። አፈር ከመጠን በላይ ከተጫነው አይወጣም፤ በስሱ ብቻ ሸፍኑት። ውኃ በወንፊት አጠጡ፣ ጥላ ሥሩለት። ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት አዛውሩ። ከመትከያው ወር በፊት ጥላውንና ውኃውን ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ አጠንክሩት።

መትከል። በሐምሌ ዝናቡ ሲጸና በወሰን፣ በእርከን ጠርዝ ወይም በቤት ጀርባ ትከሉ። በዛፎቹ መካከል 8 ሜትር ያህል ይኑር። እስከ ሦስት ዓመት ከከብት አጥሩት። ከ2300 ሜትር በታች ያላችሁ በስልካችሁ ከፍታውን ሳታረጋግጡ አትድከሙ።

ስንት ችግኝ? ይህን በሒሳብ እንየው። ችግኙ ወንዴ ይሁን ሴቴ እስኪያብብ አይታወቅም። ዕድሉ እኩል ነው ብንል፣ ሁለት ብቻ የተከለ ሰው ሁለቱም አንድ ዓይነት የመሆን ዕድላቸው ከሁለት አንድ ነው። አምስት የተከለ ሰው ግን አምስቱም አንድ ዓይነት የመሆን ዕድላቸው ከአሥራ ስድስት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አምስት ትከሉ። ቦታ የሌለው ከጎረቤቱ ጋር ተመካክሮ በጋራ ወሰን ላይ ይትከል፤ ብናኙ በነፋስ ስለሚሄድ አጥር አያግደውም።

ለወይና ደጋ አርሶ አደሮች፦ ጥቁር እንጨት

ቡናችሁ ባለበት ከፍታ የሚስማማው የኮሶ ዘመድ ጥቁር እንጨት ነው፤ በኦሮምኛ ሆሚ ይባላል። ከቅርፊቱ የሚወጣው ጭማቂ ቤታ ሲቶስቴሮልን የመሰሉ የዕፅዋት ስቴሮሎች፣ ትራይተርፒኖችና የፌሩሊክ አሲድ ውሁዶች አሉበት። በአውሮፓ በዕድሜ የገፉ ወንዶች የፕሮስቴት ዕጢያቸው አብጦ ሽንት ሲያስቸግራቸው ለማስታገሻ ይጠቀሙበታል፤ የሚሰጠው መሻሻል መጠነኛ ነው። ለዚህ ገበያ ሲባል በአፍሪካ ብዙ ዛፎች ዙሪያቸውን ተልጠው ደርቀዋል። በዚህም ምክንያት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በስምምነት ቁጥጥር ሥር ሆኗል። ቅጠሉና ቅርፊቱ ሳያናይድ ሊያመነጩ ስለሚችሉ ቀቅሎ መጠጣት አይመከርም። ፍሬው ትኩስ እያለ ዝሩት፤ ከደረቀ አይበቅልም። ሽንት የሚያስቸግራቸው አባቶች ደግሞ ሳያፍሩ ይመርመሩ፤ ምልክቱ ከካንሰርም ሊመጣ ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ስንት የኮሶ ዛፍ ቀርቷል? ስንቱ ሴቴ፣ ስንቱ ወንዴ ነው?
2. አንድ ጎረቤት «ነፍሰ ጡር ሚስቴ ትል ታየባት፣ ኮሶ ላጠጣት» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?
3. ለሰንጋችሁ አገዳ የምትቆርጡበት ማሳ አጠገብ መጸዳጃ አለ?

የቤት ሥራ

እያንዳንዳችሁ እስከሚቀጥለው ሥልጠና ድረስ በአካባቢያችሁ ያሉትን የኮሶ ዛፎች ቆጥራችሁ፣ በሴቴና በወንዴ ለይታችሁ ለልማት ሠራተኛችሁ አስመዝግቡ። ወንዴ ዛፍ ያለው ሰው ቢኖር እንዳይቆርጠው ንገሩት። ከላይ ያነሳኋቸው አባት ይህን ከተረዱ በኋላ አምስት ችግኝ ከአሮጊቷ ሴቴ ዛፍ ወረድ ብሎ ባለው እርከን ላይ ተክለዋል። እስኪያብቡ ዓመታት ይፈጃል፤ አሮጊቷ ዛፍ እስከዚያ እንድትቆይ ቅርንጫፏን መገንጠል በቤታቸው ተከልክሏል።